እማማ፣ ይረፉ እንጂ!

የደሴ ነጋዴ ትልቅ ሰው ያከብራል። ይህን የሚክድ ካለ ከከተማዋ ጋር የቆየ ቂም ያለው መሆን አለበት። ካላመናችሁ ጸጉራችሁ ሲሸብት ፒያሳ ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ግቡ። ደጁን ሳትረግጡ ወንበር ይሳባል፤ መቀመጫው በጨርቅ ይወለወላል፤ ዋጋ ሳትጠይቁ ጤናችሁ ይጠየቃል። መመረቅ ካወቃችሁበት ደግሞ «አሚን» እያለ ከሒሳቡ ላይ ጥቂት የሚቀንስላችሁ አይጠፋም። እኔ በዚህ ክብር ስንደላቀቅ 57 ዓመት ሞላኝ። አንድ ነገር ግን ልብ ሳልል ኖሬአለሁ፤ ወንበሩ የሚሳበው ለገዢ ነው። ሽበቱ የሥራ ማስረጃ በብብቱ ይዞ የመጣ እንደሆነ ያው ወንበር ድንገት ባለቤት ያገኛል።

ይህን ያወቅሁት ከእህቴ ጋር ሥራ ፍለጋ የወጣሁ ዕለት ነው።

እህቴ 51 ዓመቷ ነው። ከዚህ ውስጥ 24ቱን ያሳለፈችው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ባንኮኒ ኋላ ቆማ ነው። ጨርቅ በሁለት ጣቷ አሸት ካደረገች ጥጡ ምን ያህል፣ ናይለኑ ምን ያህል እንደሆነ ትነግራችኋለች። የሙሽራ እናት ከበሩ ስትገባ በዓይኗ ለክታ ስንት ሜትር እንደሚበቃት ታውቃለች፤ ከዚያ ሩብ ሜትር ጨምራ ትቆርጣለች፤ ምክንያቱም የሙሽራ እናት እስከ ሠርጉ ቀን ድረስ መወፈሯ አይቀርም። ዱቤ የወሰደውን ሰው ስም ብቻ ሳይሆን ገንዘቡን መቼ እንደሚያመጣ፣ ጤፉ ሲሰበሰብ ይሁን ልጁ ከጅዳ ሲልክለት፣ በቃሏ ትይዛለች። ባለ መደብሩ ሲሞቱ ወራሾቹ ቤቱን ስልክ ለሚሸጥ ሰው አስረከቡ። እርሷን ግን በባዶ እጅ አልሸኟትም። ጋቢ አለበሷትና አብረው ፎቶግራፍ ተነሡ።

እኔ ክፉ ልማድ ስላለብኝ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ገልጬ አነበብሁ። ድርጅት ለዘለቄታው ሥራ ሲያቆም ለሠራተኛው የሥራ ስንብት ክፍያ ይገባዋል ይላል፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ። የእህቴ 24 ዓመት በዚህ ሲሰላ ከስምንት ወር ተኩል ደመወዝ ይበልጣል። ይሁን እንጂ ጋቢው ድርብ ነው፤ ለደሴ ጉም ከብር ይልቅ ጋቢ ይሻላል። ጡረታም ቢሆን ነበራት። የግል ድርጅት ሠራተኛ የጡረታ ሕግ ከወጣበት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ማዋጣት ግዴታ ሆኖ፣ መጠኑም ለሠራተኛው 7 በመቶ፣ ለአሠሪው 11 በመቶ ደርሶ ሳለ ሟቹ ይህን የወረቀት ጣጣ አይወዱትም ነበር። «የአንቺ ጡረታ እኔ ነኝ» ይሏት ነበር። ቃላቸውን አላጠፉም፤ ባለፈው ዓመት ጡረታዋን ቀበርን።

እናም ሥራ ፍለጋ ወጣን። ቧንቧ ውሃ አካባቢ የመብራት ምሰሶ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፏል። የሽያጭ ሠራተኛ፤ ፆታ ሴት፤ ዕድሜ ከ18 እስከ 25፤ የሥራ ልምድ 5 ዓመት፤ ቁመናዋ ያማረ፤ ዋስ ማቅረብ የምትችል። ይህን የጻፈውን ሰው አደንቀዋለሁ። የ18 ዓመቷ ልጅ አምስት ዓመት ልምድ እንዲኖራት በ13 ዓመቷ ተቀጥራ መሆን አለበት፤ አዋጁ ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም ብሏል። ስለዚህ ባለ ሱቁ የሚሻት ሕጉን በሁለት ዓመት የቀደመች ብርቱ ልጅ ናት። ዕድሜዋን ሳትጨርስ ልምዷን የጨረሰች! የቁመናውን ነገር አልነካውም፤ ስኳር የሚመዝን ሰው ቁመና ከሌለው ስኳሩ ይመራል መሰለኝ።

ከማስታወቂያው በታች የተጻፈውን አድራሻ ይዘን ሄድን። ሰፊ የአልባሳትና የጨርቅ መደብር ነው። ሥራ አስኪያጁ ሰላሳ ያልሞላው፣ ትሑት፣ ለዛ ያለው ልጅ ነው። እህቴን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ።

«እማማ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ማስታወቂያውን አይቼ ነው የመጣሁት።»

«ለልጅዎ ነው?»

«ለራሴ ነው ልጄ።»

ልጁ ፊቱ ቀላ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«እማማ፣ እኔ እርስዎን እንዴት አድርጌ አዝዛለሁ? ‹ይህን አንሺ፣ ያንን ጥረጊ› እንዴት ብዬ? አሳዳጊ የበደለው ልባል?»

«እዘዘኝ እንጂ። 24 ዓመት ታዝዣለሁ፤ የሞትሁበት ቀን የለም።»

«ነውር ነው እማማ። እርስዎ አሁን ይረፉ እንጂ!»

ትከሻዋን ሳመና ለባጃጅ ብሎ 50 ብር በእጇ አስጨበጣት።

እንግዲህ የአስተዳደግን ውበት ተመልከቱ። ይህ ልጅ እህቴን በትእዛዝ ከሚያዋርዳት በረኃብ ሊያከብራት መረጠ። እኛ ገና ከመውጣታችን በፊት አንዲት ገዢ ገብታ ሁለት ጥቅል ጨርቅ አነሣችና ጥግ ላይ ወዳለችው ወጣት ሻጭ ዞረች። ልጅቷ ስልኳ ላይ ነበረች፤ ሥራ ላይ ናት ማለት ነው። ገዢዋ ትንሽ ጠብቃ ወደ እህቴ መጣች፤ ሽበት ስታይ የመደብሩ ሰው መስላት ይሆናል። «እናቴ፣ የትኛው ነው ቀለም የማይለቀው?» አለች። እህቴ የአንዱን ጠርዝ በምራቋ አርሳ በነጠላዋ ላይ አሸት አደረገችው። «ይኸኛው ይለቃል። ያኛውን ውሰጂ፤ ደግሞ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ሳትሰፊው አስቀድመሽ እጠቢው።» ሴትዮዋ ስድስት ሜትር ገዝታ ሄደች። የሥራ አስኪያጁ ዓይን በራ። በቃ፣ ቀጠራት ብዬ አሰብሁ።

«እማማ፣ ይህ ዕውቀት አይጥፋ! እስቲ ይመርቁኝ» አለና ጎንበስ አለላት።

መረቀችው። ሽያጩም ምርቃቱም በነጻ ነበር።

ሁለተኛው ቤት ሱፐርማርኬት ነው፤ እዚያ ያከበሯት በማሽን በኩል ነበር። «እማማ፣ አሁን ሁሉም በኮምፒውተር ሆኗል፤ ዓይንዎን ይጎዳዋል» አሏት። ይህን እያሉን ሳለ መብራት ጠፋ። ገንዘብ ተቀባይዋ እጇን አጣጥፋ «ሲስተም የለም» አለች። ሰባት ሰው ዘይትና ሳሙና ታቅፎ በጨለማ ቆመ። እህቴ ከፊቷ የነበሩትን አዛውንት ሒሳብ ከነመልሱ በቃሏ ነገረቻቸው፤ የሚቀበል ግን አልነበረም፤ ሒሳቡ ትክክል ይሁን እንጂ ሕጋዊ አልነበረም፤ ደረሰኝ የሚያትመው ማሽኑ ነውና።

ደሴ ውስጥ አንዱ ባለ ሱቅ ደግሞ «ይህ ብርድ ለጉልበትዎ አይሆንም» አላት። እውነቱን ነው ብለን ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ሄድን። እዚያ «ይህ ሙቀት ለልብዎ አይሆንም» አሏት። ለትልቅ ሰው የሚስማማ አየር ያለው ሱቅ ምናልባት ሐረጎ ቁልቁለቱ መሐል ይገኝ ይሆናል።

ኮምቦልቻ አብረውን ተራ ሲጠብቁ የነበሩ አንድ ሰው ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ይመስላሉ። እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ ደሴ የራሳቸው ሱቅ ነበራቸው፤ ጦርነቱ ከተማውን ሲያጥለቀልቀው መደርደሪያው እንኳን አልተረፈላቸውም። አሁን የሰው ሱቅ ውስጥ ለመሸጥ መጥተዋል። የተሰጣቸው መልስ እንደ እኛው በአክብሮት የተጠቀለለ ነበር። «እርስዎ እኮ ነጋዴ ነዎት፤ ተቀጥረው ይዋረዱ?» ሻይ አዘዙላቸው። ሰውየው ሻዩን ሲጠጡ አየኋቸው፤ ስኳር አበዙበት። ምሳቸው ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ጉልበት ካነሣን አይቀር ሰኞ ገበያን ልጥቀስ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናቶች መሬት ላይ ሸራ ዘርግተው ከጠዋት እስከ ማታ ቃሪያና ሽንኩርት ሲሸጡ «እማማ፣ ይረፉ እንጂ» ያላቸው ሰው አላየሁም። የሚባሉት «ይቀንሱልን እንጂ» ነው። ጎንበስ ብለው እንጨት ተሸክመው ከጦሳ የሚወርዱትንም መንገድ የሚለቅላቸው እንጂ ሸክሙን የሚያወርድላቸው የለም። የእኛ ርኅራኄ አድራሻውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ርኅራኄ ነው፤ ወር ሲደርስ ደመወዝ የሚጠይቅ ጉልበት ካልሆነ በቀር አያሳስበውም። ሸራው ዕድሜ ጠይቆ አያውቅም።

የባለ ሱቁስ ጉልበት? ሠራተኛው ከ25 እንዳይበልጥበት የሚጠነቀቀው ባለቤት ራሱ ሰባውን አልፎ መሳቢያው አጠገብ ተሰይሟል። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ብር ይቆጥራል፤ ቁልፉ ከወገቡ አይፈታም፤ ልጆቹ «አባባ፣ ይረፉ» ቢሉት ውርስ የቸኮሉ ይመስለዋል። እርጅና ባንኮኒውን ተሻግሮ ወደ መሳቢያው በኩል አይገባም። በዚህኛው በኩል ያለውን ግን በ26 ዓመቱ ይይዘዋል።

ጡረታ መውጫ 60 ዓመት ነው ይላል ሕጉ። ምሰሶው 25 ነው ይላል። በመሐል ያለውን 35 ዓመት ምን እንደምናደርገው ሁለቱም አልነገሩንም፤ የዱዓ ጊዜ እንዲሆን ታስቦ ይሆናል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጡት ሕግ ሠራተኛ 40 ዓመት ሲሞላው በዕድሜው ምክንያት እንዳይገፋ ከለላ ይጀምርለታል። ባለጌዎች ናቸው፤ ትልቅን ሰው ማዘዝ አይከብዳቸውም። የእኛ የሠራተኛ አዋጅ አሠሪ እንዳያዳላ ሲከለክል ብሔርን፣ ፆታን፣ ሃይማኖትን፣ የፖለቲካ አመለካከትን እየጠራ ይዘረዝራል፤ ዕድሜን ግን በስሙ አልጠራውም። መቼም ትልቅ በስሙ አይጠራ!

ንጉሥ ሚካኤል ግብር የሚያበሉበት አዳራሽ እዚሁ ደሴ ከተማ ቆሟል፤ አይጠየፍ ይባላል። እህቴ በዚያ በኩል ስናልፍ ቀና ብላ አየችውና «እዚያም ቢሆን ለመብላት እንጂ ለመቀጠር ማን ገባ» አለችኝ። እኔም የሆነ ቁም ነገር ልናገር አስቤ ነበር፤ ቀደመችኝ።

ባለፈው ሳምንት ማታ በራችን ተንኳኳ። የ50 ብሩ ሥራ አስኪያጅ ነው። ሠፈራችንን በሰው በሰው አፈላልጎ፣ አንድ ጓደኛውን አስከትሎ፣ ሁለት ኪሎ ሙዝ ይዞ መጥቷል። የእኔንም የእህቴንም ጉልበት ሳመ። ነገሩ ወዲያው አልወጣም፤ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀርብ ነው የተናገረው። ያቺን ስልክ የማትለቀውን ልጅ ሊያገባ ነው። አባቷ ያሉት ሐይቅ ከተማ ነው፤ ጠንካራ ሰው ናቸው ይባላል። ሦስት ሽማግሌ መላክ አለበት፤ ሁለቱን አግኝቷል፤ አንድ ይቀረዋል።

«አባባ፣ እንደ እርስዎ ያለ ሽበት ነው የሚያስፈልገኝ» አለኝ።

«ዕድሜዬ 57 ነው» አልሁት፤ «አይበዛም?»

«እንዲያውም አነስ ይላል፤ ሌሎቹ ከሰባ በላይ ናቸው። ግን ይሁን፣ ግርማ ሞገስዎ ያካክሰዋል።»

ከተወለድሁ በዕድሜ ማነስ ሥራ ሊያመልጠኝ ሲል የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አለኝ። ደመወዙን አልጠየቅሁም፤ ቁመናን በተመለከተም ያነሣው ነገር የለም። እህቴ ከሰል እያራገበች «የሙከራ ጊዜውስ እንደ አዋጁ 60 የሥራ ቀን ነው?» አለች። ልጁ ሳቀ፤ ጨዋ ልጅ ነው አላልኋችሁም? ከዚያም ወደ እርሷ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማማ፣ እርስዎንም ላስቸግርዎ ነው። የጥሎሹን ልብስ የሚመርጥልኝ ሰው አጥቻለሁ። ያን ቀን ያየሁትን ዓይን የትም አላገኘሁም። ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ መደብሩ ድረስ ብቅ ቢሉልኝ፣ ጨርቁን አንድ በአንድ ቢያዩልኝ፣ ለእናቷም ስንት ሜትር እንደሚበቃ ቢነግሩኝ...»

እህቴ በረካውን ቀዳችለት። ሲኒውን በሁለት እጇ አቀበለችው።

«ምነው ልጄ» አለችው፤ «እኔ እኮ እያረፍሁ ነው።»