ሳታውቁት አትርገሙት፣ ሳታውቁትም አትመርቁት

ወገኖቼ፣ ስለ ዘርና ስለ ሰብል፣ ስለ "ልውጥ ሕያው"፣ ጂኑ በሰው እጅ ስለተለወጠ ተክል ወይም እንስሳ፣ ወሬ በተነሣ ቁጥር ሰው ሁሉ በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንዱ መርዝ ነው ይላል፤ ሌላው ከረሃብ የሚያወጣን መድኃኒት ነው ይላል። ሁለቱም ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ይጮኻሉ። መሀል ገብታችሁ "ለመሆኑ ዲኤንኤ ምንድን ነው?" ብትሉ ግን ጩኸቱ ጸጥ ይላል። ይህ ጸጥታ ነው የሚያስጨንቀኝ።

ሕመሙ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 በአሜሪካ የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሸማቾችን ጠይቆ ነበር፤ ከመለሱት ከ80 በመቶ የሚበልጡት "ዲኤንኤ ያለበት ምግብ ሁሉ ምልክት ይለጠፍበት" የሚለውን ሐሳብ ደግፈዋል። ዲኤንኤ በሕያው ነገር ሕዋስ ውስጥ ያለ የውርስ ጽሑፍ ነው፤ ከአትክልት፣ ከሥጋ፣ ከጥራጥሬ ዲኤንኤ የሌለው የቱ ነው? ቅጠል የነከሰ ሁሉ ዲኤንኤ በልቷል፤ አንጀቱም ሰባብሮ ፈጭቶታል። ስንዴ በልቶ ስንዴ የሆነ ሰው የለም። የፈራነው ነገር ከተወለድን ጀምሮ በየዕለቱ የምንጎርሰው መሆኑን አለማወቃችን ያሳፍራል፤ እንፈር።

ካላየሁ አላምንም የምትሉ እዩት። አምስት ስድስት የበሰለ እንጆሪ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ በእጃችሁ እሹት። በግማሽ ብርጭቆ ውኃ ላይ ትንሽ ጨውና ትንሽ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩና አረፋ ሳታበዙ ከእንጆሪው ጋር ቀላቅሉት። በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉና ቀዩን ጭማቂ ብርጭቆ ውስጥ አድርጉት። ከዚያ ከማቀዝቀዣ የወጣ አልኮል በብርጭቆው ጠርዝ በኩል በቀስታ አፍስሱበት። አልኮሉ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ቀዩ ከታች ይቀራል። ሁለቱ በሚገናኙበት ላይ ደመና የመሰለ ነጭ ነገር ይነሣል። በቀጭን እንጨት ስትጠቀልሉት እንደ ረጠበ ጥጥ እየተሳበ ይወጣል። ጥቂት ፕሮቲን ተቀላቅሎበት ይሆናል እንጂ ያ ነጭ ክር ዲኤንኤ ነው። ሳሙናው የሕዋሱን የስብ ሽፋን ቀደደው፤ ጨውና አልኮሉ ክሩ ከፈሳሹ ተለይቶ እንዲሰባሰብ አደረጉት። እንጆሪ የተመረጠውም በምክንያት ነው፤ እኛ ከእያንዳንዱ ክሮሞሶም፣ ዲኤንኤው ከተጠቀለለበት ጥቅል፣ ሁለት ቅጂ ሲኖረን የእርሻ እንጆሪ ስምንት አለው።

ይህን ነገር መጀመሪያ የለየው ፍሪድሪክ ሚሸር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1869 ከቁስል ማሰሪያ ጨርቅ ላይ ከሰበሰበው መግል አወጣው። ቅርጹ እስኪታወቅ ግን እስከ 1953 ተጠበቀ። ዋትሰንና ክሪክ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ከሠራችው የኤክስሬይ ሥራ ጭምር ተነሥተው የተጠማዘዘ ጥንድ መሰላል መሆኑን አሳዩ። የመሰላሉ መወጣጫዎች በአራት ፊደላት የተሠሩ ናቸው፤ አዴኒን ከታይሚን፣ ጓኒን ከሳይቶሲን ጋር ብቻ ይጣመራል። ሕዋሱ ፊደላቱን ሦስት ሦስት እያደረገ ያነብና አሚኖ አሲዶችን ይደረድራል፤ ድርድሩ ፕሮቲን ይሆናል። አንድን ፕሮቲን ለመሥራት የሚበቃው የጽሑፍ ክፍል ጂን ይባላል። በሰው ውስጥ ያለው ጽሑፍ ሦስት ቢሊዮን ያህል ጥንድ ፊደል ነው። የዳቦ ስንዴ ደግሞ ከሰው አምስት እጥፍ የሚበልጥ ጽሑፍ ተሸክሞ ይበቅላል።

"ተፈጥሮ የጻፈችውን ሰው አይንካ" የምትሉ ወገኖቼ፣ ቅንነታችሁን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ተፈጥሮ ራሷ ጽሑፏን ስትሰርዝና ስትደልዝ ነው የኖረችው። ሜንዴል የውርስን ሕግ ያወቀባቸው የተጨማደዱ አተሮች የተጨማደዱት አንድ ተንቀሳቃሽ የዲኤንኤ ቁራጭ ስታርች በሚሠራው ጂን መሀል ገብቶ ስላበላሸው ነው። ሜንዴል ይህን ሳያውቅ ሞተ፤ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። በስኳር ድንች ዝርያዎችም ውስጥ የባክቴሪያ ጂኖች ይገኛሉ። ያስገባቸው ቤተ ሙከራ አይደለም፤ አግሮባክቴሪየም የሚባል የአፈር ባክቴሪያ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ትቷቸው የሄደ ነው። ሳይንቲስቶች ጂን ወደ ተክል ለማስገባት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበትም ይኸው ባክቴሪያ ነው።

ሁለተኛው ጥፋታችን ባዮቴክኖሎጂን፣ ሕያው ነገርን ለሰው ጥቅም የማዋልን ጥበብ፣ አንድ ነገር አድርገን መጥራታችን ነው። ከአንድ ጤናማ ችግኝ ቁራጭ ወስዶ በብልቃጥ ማባዛት ባዮቴክኖሎጂ ነው፤ አንድ ጂን እንኳ አይለወጥም። የጎርፍ ሩዝም አለላችሁ። ተራ ሩዝ ሙሉ በሙሉ በውኃ ሲሸፈን ወደ ላይ ለመውጣት እየተንጠራራ ጉልበቱን ጨርሶ በቀናት ውስጥ ይሞታል። ኤፍአር13ኤ የተባለ የሕንድ የጥንት ዝርያ ግን እድገቱን ገትቶ፣ ትንፋሹን እንደያዘ ሰው ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። ይህን የሚያዘው ጂን ሰብ1ኤ ይባላል። አዳቃዮች ዝርያውን ምርታማ ከሆነው ሩዝ ጋር በተለመደው መንገድ አዳቀሉት፤ ቅጠል እየቀነጠሱ ዲኤንኤውን በማንበብ ጂኑን የወረሱትን ችግኞች ብቻ መረጡ። የባዕድ ጂን አልገባበትም። "ባዮቴክኖሎጂ ይከልከል" ብላችሁ ስትፈርሙ ይህንንም እየከለከላችሁ መሆኑን ታውቁ ነበር?

ጂን የተጨመረበትንም በየራሱ መርምሩት። በሃዋይ የፓፓያ እርሻዎች በቫይረስ ሲጠፉ ዴኒስ ጎንሳልቭስና ባልደረቦቹ የቫይረሱን ልባስ የሚሠራውን ጂን ወስደው በፓፓያው ውስጥ አስገቡ፤ ተክሉ ቫይረሱን የሚመክትበት ኃይል አገኘ። ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1998 ለአምራቾች በነጻ ታደለ። ሰዎች ከዚያ በፊት ከታመመው ፓፓያ ጋር ቫይረሱን እንዳለ ይበሉ ነበር፤ ጉዳት ግን አላገኛቸውም። ይህን ፓፓያ ሳይመረምር መርዝ ነው ብሎ የፈረደ ሰው እርሻው የጠፋበትን ገበሬ በድሏል።

አሁን ወደ እናንተ ልዙር፣ አመስጋኞች። የእናንተ ጥፋት ያነሰ አይደለም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእናንተም ነው።

ቢቲ የሚባለውን ጥጥ ውሰዱ። ጂኑ የተገኘው ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ፣ ባጭሩ ቢቲ፣ ከተባለ የአፈር ባክቴሪያ ነው። የሚሠራው ፕሮቲን በትሉ አንጀት ግድግዳ ላይ ካለ፣ ተቀባይ ከሚባል መያዣ ጋር ተጣብቆ አንጀቱን ይበሳል፤ ሰው ያ ተቀባይ የለውም። ጥጡ እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ተዘራ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሕንድ ገባ። በሁለቱም ቦታ ከጠላቶቹ አንዱ ሮዝ መልክ ያለው የጥጥ ፍሬ ትል ነበር።

በአሪዞና ገበሬዎች ከቢቲው ጎን ተራ ጥጥ ይዘሩ ነበር፤ መጠለያ ይሉታል። ዓላማው ለሞኝ ሰው ግራ የሚያጋባ ነው፤ ትሉ በዚያ ሳይሞት እንዲራባ ነው የሚተዉለት። ከቢቲው ማሳ አንድ ሁለት የተላመዱ ትሎች ቢተርፉ የእሳት እራት ሆነው የሚዳቀሉት ከመጠለያው ከሚመጡት ብዙ ያልተላመዱ ጋር ነው፤ የሚወለዱትም ቢቲውን መቋቋም ያቅታቸዋል። በኋላ መካን የተደረጉ የእሳት እራቶች እየተለቀቁ ተጨመረበት፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ መንግሥት ትሉ ከጥጥ አብቃይ አካባቢዎቹ መጥፋቱን አስታወቀ።

በሕንድ መጠለያው በብዙ ቦታ ተዘነጋ። ማሳው ሁሉ ቢቲ ሆነ፤ ከመድኃኒቱ የተረፈው ትል የሚዳቀለው ከሌላው የተረፈ ትል ጋር ሆነ። ትሉ ተላመደ፤ ሁለት ጂን የያዘው ጥጥ ሲመጣም ቆይቶ ያንንም ለመደው። በአንዱ ቦታ ትሉ ጠፋ፣ በሌላው ገበሬው ወደ ፀረ ተባይ መርጫው ተመለሰ። ልዩነቱን ያመጣው ከማሳው ዳር የተዘራ፣ ወይም ሳይዘራ የቀረ ተራ ጥጥ ነው። ዘሩን ብቻ አድርሳችሁ አጠቃቀሙን ያላስተማራችሁ ባለሙያዎች፣ ይህን ሳታስቡ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳችኋል?

የባለቤትነቱም ጥያቄ አለ። ገበሬው ካመረተው ዘር ቀንሶ ለከርሞ እንዳይዘራ የሚከለክል ውል ሊኖር ይችላል፤ የፈጠራ መብትም አለ። ይህ ብርቱ ጥያቄ ነው፤ መነሣትም አለበት። ነገር ግን የሕግ ጥያቄ ነውና በሕግነቱ አንሡት። ውሉን ስለጠላችሁት ብቻ "ካንሰር ያመጣል" ብላችሁ ወሬ አትንዙ፤ የሐሰቱ ወሬ ሲጋለጥ እውነተኛው ጥያቄያችሁም አብሮ ይወድቃል፤ የሚጎዳውም ልትጠብቁት የተነሣችሁለት ገበሬ ነው።

ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላልና፣ ነገ አንድ ሰው ስለ አንድ ዘር ሲረግም ወይም ሲመርቅ ብትሰሙ አቁሙትና ጠይቁት። የተለወጠው የትኛው ጂን ነው? ከየት መጣ? በተክሉ ውስጥ ምን ይሠራል? ማን መረመረው? ዘሩን መልሶ መዝራት ይፈቀዳል? መጠለያውስ የት ነው የሚዘራው? የሚመልስላችሁ ከሆነ ቁጭ ብላችሁ አድምጡት፣ ከእናንተ ጎራ ባይሆንም። የማይመልስ ከሆነ ያን ወሬ ለጎረቤታችሁ አታድርሱ።