ማስተካከያ፦ እንዶድ የሚገድለው ቀንድ አውጣውን ነው

ባለፈው ሳምንት ስለ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ስጽፍ “የቢልሃርዚያን መድኃኒት ያገኙ ሐኪም” ብያቸው ነበር (ቢልሃርዚያ ውሃ ውስጥ ባለ ትል የሚመጣ በሽታ ነው)። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። ፒያሳ ቡና ስንጠጣ ያረመኝ የላብራቶሪ ባለሙያ ጓደኛዬ ነው።

አክሊሉ የጥገኛ ተውሳክ ተመራማሪ እንጂ በሽተኛ የሚያክሙ ሐኪም አልነበሩም። እሳቸው የታወቁበት እንዶድም የታመመ ሰው የሚጠጣው መድኃኒት አይደለም፤ እባካችሁ ማንም እንዳይሞክረው። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. አክሊሉ ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የበሽታው ትል ወደ ሰው ከመሻገሩ በፊት የሚራባው በእነዚያ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ስለሆነ፣ እነሱን መግደል መተላለፊያውን መቁረጥ ነው። እናቶቻችን ነጠላ የሚያነጹበትን ፍሬ አይቶ እዚህ ድረስ ማሰብ! ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ሌላም አለ። የ1989 እ.ኤ.አ.ን ራይት ላይቭሊሁድ የተባለ ዓለም አቀፍ ሽልማት ብቻቸውን እንዳገኙ አስመስዬ ነበር። የተሸለሙት ከምርምር ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ነው። የእሳቸውን ስም መዝለሌ ከሁሉም በላይ አሳዝኖኛል።

የበፊቱን ጽሑፍ ያጋራችሁ ካላችሁ ይህንንም አጋሩልኝ።