ለተከበሩ አቶ ባህር ዛፍ፣ ከጓሯችን ጥግ

ጉዳዩ፦ ከፍሳሽ ቱቦ እንዲለቁልን ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

የእሁዱን ቡና ስላደመቁልን ምስጋናችን ይድረስዎ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሊቀዳ ሲል ከሻወር ቤቱ ቀዳዳ የፈላው ፍሳሽ ሳሎን ድረስ ዘልቆ ቄጠማውን አንሳፈፈው። እንግዶች እግራቸውን ሶፋ ላይ ሰቅለው «አብሽሩ» አሉን። ዕጣን ብንጨምርም ሽታውን አልቻለውም።

ቧንቧ ሠራተኛው ጓሮውን ሲቆፍር ከሲሚንቶ ቱቦው መጋጠሚያ ላይ ተገኙ። ጨዋ ነዎት፤ ደህናውን ቱቦ ሰብረው አይገቡም። ልስኑ ተሰንጥቆ እርጥበት በሚያልብበት በኩል አንዲት ቀጭን ሥር ያሾልካሉ። እሷም በጋውን ሙሉ ውስጥ ያለውን ውሃና ፍግ እየጠገበች የፈረስ ጭራ ታህላለች። ሶፍቱና የምግብ ቅባቱ እሷ ላይ ይጠመጠማል፤ የቀረው ወደ ሳሎን። ሥሩን ቆርጦ መጋጠሚያውን መልሶ መለሰን ለእርስዎ ግብዣ ስለሆነ፣ የሲሚንቶውን ቱቦ አውጥተን በማጣበቂያ የሚጋጠም ባለ 110 ሚሊ ፒቪሲ ቀብረናል። ሂሳቡን በማን ስም እናስቆርጥ?

አሸንዳውን በቅጠል ስለመድፈንዎ ዘንድሮ አናነሳም። ከሥርዎ ጎመን አለመብቀሉም የጎመኑ ስንፍና ነው።

እንቁረጥዎ ብለን ፈቃድ ብንጠይቅማ፦ ማመልከቻ፣ የካርታ ኮፒ፣ የዛፉ ፎቶ። ፎቶው ሲቀርብ «ሙሉ ቁመናው አይታይም»። ሲታይ ባለሙያው ስብሰባ ላይ ናቸው። ባለሙያው ሲገኙ ማህተም የያዘችው ወጥታለች።

ኧረ በቃ! እኛ ለሽንት የጎረቤት ደጅ እየጠናን አንተን ለመንካት ሦስት ፊርማ? በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ ያስመጡህ ለማገዶና ለቤት ሥራ ነው፤ ሽንት ቤት ውረስ ያለህ የለም! ጦሳን የሚያህል ተራራ እያለልህ!

ፈቃዱ የወጣ ዕለት ከመሬት አስተካክለን እንቆርጥሃለን። ጉቶህን እንዲሁ ብንተወው በአንድ ክረምት ደርዘን ሆነህ እንደምታቆጠቁጥ እናውቃለን። ስለዚህ ቡቃያህ የሚነሳበትን ልጥ ከአፈር በታች ድረስ ልጠን አፈር እንከምርብሃለን፤ ብቅ ያለውንም ገና ለምለም ሳለ ከሥሩ እንገነጥላለን። ጨውና ናፍጣ አናፈስብህም፤ አፈሩ ምን አደረገን?

ከሰላምታ ጋር
ፍሳሽ ያጠበው ቤተሰብ፣ ደሴ

ግልባጭ፦
ከአጥሩ ማዶ ለተተከለው የጎረቤት ችግኝ (አዲሱ ቱቦ በየት በኩል እንደሚያልፍ ሳይገለጽለት)