ውሻው የየትኛው መሥሪያ ቤት ነው?

«ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረህ ውሻ ታክማለህ?»

ይህን ጥያቄ ከዘመድም፣ ከጎረቤትም፣ ከታክሲ ሹፌርም ሰምቼዋለሁ። ጠያቂዎቹ ክፋት የለባቸውም። የእንስሳት ሐኪም ሲባል በሬ፣ ላም፣ ግመል፣ ቢበዛ ዶሮ ነው የሚታያቸው። እኛንም ያስተማሩን እንደዚያው ነው። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ከተከፈተ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ጎንደር፣ መቀሌ፣ ጅማ፣ ሐዋሳና ሌሎችም ተከፍተዋል። ዋናው ትምህርት ግን በሁሉም ዘንድ የሚታለበው፣ የሚያርሰውና የሚታረደው እንስሳ ነው። ኑሯችን በከብት የቆመ ስለሆነ አይፈረድብንም።

እኔ የተቀመጥኩት ጥግ ላይ ነው። የውሻና የድመት ተላላፊ በሽታዎችን አስተምራለሁ፤ ክሊኒክም እገባለሁ። ከዚያ ጥግ ሆኜ የማየው ነገር ይህ ነው፦ በአገራችን ውሻ መሥሪያ ቤት የለውም። ግብርና ሥጋና ወተት ይቆጥራል። ጤና ጥበቃ የሚያውቀው የተነከሰውን ሰው ነው። ማዘጋጃ ቤት ውሻ ትዝ የሚለው ሲበዛበት ነው፤ ያኔም የለመደው መላ መርዝ ነው። ክፍተቱን መሙላት ያለበት ዩኒቨርሲቲ ነው ባይ ነኝ። ባለሙያው እዚያ ነው ያለው፣ ተማሪውም እዚያ ነው።

ይህ የሙያ ቅናት እንዳይመስላችሁ። በ2015 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) የሰውና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ተሰብስበው ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉ በሽታዎች ለኢትዮጵያ ቅድሚያ የሚሰጣቸውን አምስት መርጠው ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ፣ አባ ሰንጋ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ሌፕቶስፓይሮሲስና ኢኪኖኮኮሲስ። የመጀመሪያው በአብዛኛው የሚመጣው ከውሻ ነው። የመጨረሻው ያለ ውሻ ዑደቱ አይዞርም። ሌፕቶስፓይሮሲስም ቢሆን ውሻ ከሚያስተላልፉት እንስሳት አንዱ ነው። እንግዲህ ከአምስቱ ሦስቱ ውሻ ደጃፍ ላይ ናቸው ማለት ነው። ለውሻ በሽታ ብሎ የሠለጠነው ባለሙያ ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

የእብድ ውሻውን ነገር ላስቀድም። በዓለም ላይ በዓመት ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። የኛ አገር ድርሻ ወደ 2,700 ገደማ ነው ይባላል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ፓስተር ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ የተነከሰ ልጅ የሰጠው በ1885 ነው፤ ምኒልክ ገና ንጉሠ ነገሥት ሳይባሉ። መድኃኒቱ ይህን ያህል ያረጀ ነው። እኛ ደግሞ ከበግ አንጎል የሚሠራውን፣ ሆድ ላይ የሚወጋውን የድሮ ክትባት የዓለም ጤና ድርጅት ከ1984 ጀምሮ «ተዉት» እያለ ሲወተውት ለአሥርተ ዓመታት ይዘነው ቆየን።

ክሊኒክ ውስጥ የማየው ችግር ግን ከክትባት እጥረት ይቀድማል። ውሻ ሰው ሲነክስ ሰፈሩ መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ውሻውን መግደል። በድንጋይ፣ በመጥረቢያ፣ ባገኘው ነገር፤ ያውም ጭንቅላቱን ብሎ። ከዚያ «መርምሩልን» ብለው ጭንቅላቱን በፌስታል ይዘው ይመጣሉ። ምርመራው የሚሠራው ከአንጎል ነው። አንጎሉ ከደቀቀ ወይም ፀሐይ ላይ ውሎ ከበሰበሰ ምኑን እንመርምር? ፎርማሊን ውስጥ ነክረው የሚያመጡም አሉ፤ በጎ አስበው ነው፣ ለተለመደው ምርመራ ግን አይመችም። በበረዶ ይምጣ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ውሻውን አለመግደል ነው። አስሩት፣ ዝጉበት፣ 10 ቀን ጠብቁት። ቫይረሱ ከምራቁ ውስጥ የሚገኘው በሽታው ከመታየቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ከ10 ቀን በኋላም እየበላ፣ እየጠጣ፣ ጭራውን እየቆላ ካለ በነከሰበት ቀን በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። የተገደለ ውሻ ግን ምንም አይነግረንም። ቤተሰቡ በስጋት ይከርማል። ሰውየው በዚህ መሀል እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን ይጀምር። ውሻው ደህና ከሆነ ክትባቱን ማቆም ይቻላል። በሽታው ሰው ላይ አንዴ ከታየ ግን ምንም አናደርግለትም። ይህን ለተማሪዎቼ ስናገር ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ስለ ጸበልና ስለ ባህል መድኃኒትም ይጠይቁኛል። ጸበል አትሂዱ የምል ሰው አይደለሁም፤ እኔም እሄዳለሁ። ግን መጀመሪያ ክትባቱ። ይህ በሽታ ሁለትና ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊደበቅ ይችላል። በዚያ ላይ ነካሹ ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም። በሥር የ«ዳኑት» ብዙዎቹ ቀድሞውንም ያልተያዙ ናቸው። የባህል ሐኪሙ ስም የሚገነባው በእነዚህ ሰዎች ነው።

ወደ መርዙ እንመለስ። ውሻ መግደል ጭካኔ ነው የሚለውን ክርክር ለጊዜው ልተወውና በሥራ ቋንቋ ላውራ፦ አይሠራም። መርዝ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም። ከትበን ምልክት ያደረግንለትን ውሻ ጭምር ይጥለዋል። የለቀቀውን ቦታ በጥቂት ወራት ውስጥ ያልተከተቡ ቡችሎች ይሞሉታል። ምግቡ፣ ቆሻሻ መጣያው፣ ሉካንዳው እዚያው አለና። በአንጻሩ በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 ከመቶውን መከተብ ከተቻለ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቆረጣል። ሜክሲኮ በ1990 አገር አቀፍ የውሻ ክትባት ዘመቻ ጀመረች። በ2019 ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን የእብደት በሽታ በማጥፋት በዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያዋ የተረጋገጠላት አገር ሆነች። ሜክሲኮም የመንገድ ውሻ ሞልቷታል።

በከተማው ክሊኒክ ያለው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ብዙውን ጊዜ የሚመጣልኝ «የፈረንጅ ውሻ» ነው። ከመንገድ ዳር ወይም ከቴሌግራም የተገዛ ቡችላ። በአራተኛው ቀን ማስታወክ ጀምሯል፣ ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ ይዞታል። ፓርቮ ነው። ባለቤቱ ይቆጣል፤ «ዶክተር፣ ተከትቧል እኮ! ካርዱ ይኸው!» ካርዱ እውነት ነው። ግን ቡችላው የተከተበው በስድስተኛው ሳምንት አንዴ ብቻ ነው። በዚያ ዕድሜ ከእናቱ የመጀመሪያ ወተት ያገኘው መከላከያ ገና በደሙ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ያ መከላከያ ክትባቱን እንደ ጠላት ቆጥሮ ያከሽፈዋል። በኋላ እሱ ራሱ ይሟጠጣል፤ ቡችላው ባዶውን ይቀራል። ለዚህ ነው ክትባቱ በየሦስትና አራት ሳምንቱ እየተደገመ ቢያንስ እስከ 16ኛው ሳምንት የሚሰጠው። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም። አንዳንዱ ክትባቱን ያለ በረዶ በኪሱ ይዞ ዞሮ ነው የወጋው፤ ያኔ የተወጋው ከውሃ አይሻልም።

ቡችላው ይሞታል። ባለቤቱ ያዝናል። በሳምንቱ ሌላ ቡችላ ገዝቶ በዚያው ግቢ ያስገባል። እሱም ይሞታል። የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ በሳሙናና በአልኮል ብቻም አይሞትም። ወለሉን የሚያጸዳው ተራው በረኪና ነው። የግቢው አፈር ግን በበረኪናም አይጸዳም። ስለዚህ አዲሱ ቡችላ ክትባቱን ጨርሶ ነው መግባት ያለበት። ሌላው ልማድ አሞክሳሲሊን ከፋርማሲ ገዝቶ ቤት ማከም ነው። ፓርቮ ቫይረስ ነው፤ ነፍሱን የሚያተርፈው ከሁሉም በላይ በደም ሥር የሚገባው ፈሳሽ ነው፣ ሰዉ «ግሉኮስ» የሚለው። (እግረ መንገዴን፦ ለድመት ፓራሲታሞል አትስጡ። አንዲቷ ፍሬ ልትገድላት ትችላለች።)

የበዓሉንም ጉዳይ ሳልነካ አላልፍም። በግ ይታረዳል፣ ሳንባው ወይም ጉበቱ ውሃ የቋጠረ ነገር ይገኝበታል። «ይሄማ አይበላም» ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። በዚያች ውርወራ የኢኪኖኮኮሲስ ትል ውሻው ውስጥ ገብቶ ያድጋል። እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ሳር ላይ፣ ሰላጣ ላይ፣ የልጅ እጅ ላይ ይደርሳል። ከዓመታት በኋላ ሰው ጉበት ውስጥ ቋጥሮ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ቅበሩት፣ አለዚያ በደንብ ቀቅሉት።

ጉዳዩ ከሰፈር አልፎ ባሌ ተራሮች ድረስ ይሄዳል። በዓለም ላይ የቀሩት ዐዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። እነሱን ደጋግሞ የፈጃቸው የእረኛ ውሻ ይዞት የሚወጣው በሽታ ነው። በ2003 ዌብ ሸለቆ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በተደጋጋሚ ዲስተምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ የቫይረስ በሽታ። ከ2018 ጀምሮ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደርጎ ለቀበሮዎቹ ይወረወርላቸዋል። ድንቅ ሥራ ነው። ግን ከታች መንደር ውስጥ ያሉት ውሾች ካልተከተቡ ሥራው ማለቂያ የለውም።

ዲስተምፐርን ካነሳሁ አይቀር፣ የከብት ደስታ በሽታ የሥጋ ዘመዱ ነው። ያ በምኒልክ ዘመን ከብቱን ጠራርጎ ሕዝቡን ለክፉ ቀን የዳረገው። በ2011 ከምድር ገጽ ጠፍቷል፤ እስከ ዛሬ ከእንስሳት በሽታ ይህ ዕጣ የደረሰው እሱ ብቻ ነው። የኛ ሰዎች እጅ አለበት። አፋር ላይ ሐኪም መድረስ ሲያቅተው ሙቀት የሚችል ክትባት ለአርብቶ አደሮቹ ተሰጥቶ እነሱው ከተቡ። ስለዚህ «እኛ አገር አይቻልም» የሚለውን ወሬ ለእኔ አታምጡት። ለላም ስንል በረሃ ዘልቀናል። ውሻው ግን እዚሁ በራችን ላይ ነው የተኛው።

ምን ይደረግ ለምትሉኝ፣ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። እያንዳንዱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በዙሪያው ያሉትን ቀበሌዎች ይረከብ። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ይውጡ፤ ውሻ ይክተቡ፣ ይመዝግቡ፣ ምልክት ያድርጉ፤ ማርክም ይያዝላቸው። መጀመሪያ ግን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይከተቡ። ያልተከተበ ልጅ ውሻ ያዝ ማለት ነውር ነው፤ ሲደረግም አይቻለሁ። ከእነሱ መሀል ጥቂቶቹ በዚሁ ዘርፍ ስፔሻላይዝ የሚያደርጉበት ቦታ ይከፈት። ወጪውን ጤናና ግብርና ይካፈሉት። አንድ ውሻ የሚከተብበት ገንዘብ አንድ የተነከሰ ሰው ከሚታከምበት ጋር አይወዳደርም።

«የመንገዱን ውሻ ማን ይይዘዋል?» ይሉኛል ስብሰባ ላይ። ባለቤት የለውም የምንለው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላው ሰው አለው። የሱቁ ጥበቃ ያውቀዋል፣ ጉሊት የምትቸረችረዋ እናት ታውቀዋለች። የሰፈሩ ልጆች ስም አውጥተውለታል፤ ቦቢ ይሉታል፣ ጃክ ይሉታል፤ ሲጠሩት ይመጣል። እኛ መርፌውን ይዘን እንድረስ እንጂ ቦቢን የሚይዝልን አይጠፋም።