ከራሱ ጦር ፊት የቆመው አብራሪ

ወገኖቼ፣ ቅር ቢላችሁም ስሙኝ። ጀግና የምንለው ብዙ የገደለውን ነው። ከመሃላችን ተነስቶ «ሰላማዊ ሰው አትንኩ» ያለውን ደግሞ ባንዳ እንለዋለን። ይሄ ነገራችን ያመኛል።

ሂው ቶምፕሰን አሜሪካዊ የሄሊኮፕተር አብራሪ ነበር። መጋቢት 7 ቀን 1960 ዓ.ም. ጠዋት፣ ቬትናም ውስጥ ሚ ላይ በምትባል መንደር ላይ ዝቅ ብሎ ይበራል። ዕድሜው 24 ነው። ሥራው ጠላት ያለበትን አይቶ መጠቆም ነበር። ያየው ግን ቦይ ውስጥ የተረፈረፉ ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ነው። የገደሏቸው የገዛ አገሩ ወታደሮች ናቸው።

አንድ ምሽግ ውስጥ የተደበቁ ሰዎች ነበሩ። ወታደሮቹ ወደዚያው እየሄዱ ነው። ቶምፕሰን ሄሊኮፕተሯን መሃል ላይ አሳረፋት። አብረውት ለነበሩት ለግሌን አንድሪዮታና ለላሪ ኮልበርን፣ ወታደሮቹ በሰዎቹ ላይ ከተኮሱ እነሱም እንዲተኩሱባቸው ነገራቸው። ኮልበርን ገና 18 ዓመቱ ነበር። ቶምፕሰን ራሱ ወርዶ ሰዎቹን አወጣቸው፤ በሬዲዮ ሌላ ሄሊኮፕተር ጠርቶም አስወሰዳቸው። ቆየት ብሎ አንድሪዮታ ቦዩ ውስጥ ገባ። ከሬሳው መሃል በደም የተነከረ፣ ነፍሱ ያለች ሕፃን ታቅፎ ወጣ።

ቬትናሞች የቆጠሩት ሟች 504 ነው።

ሠራዊቱ ለቶምፕሰን ሜዳሊያ ሰጠው። ወረቀቱ ግን ሕፃኑን ከተኩስ ልውውጥ መሃል እንዳዳነ ይላል። የተኩስ ልውውጥ የሚባል ነገር አልነበረም። ወረቀቱን ጣለው። እውነቱን ሲመሰክር ደግሞ አንድ የምክር ቤት አባል መቀጣት ያለበት እሱ ብቻ ነው አለ። በስልክ እንገልሃለን ይሉት፣ ደጁ ላይ የሞተ እንስሳ ይጥሉበት ነበር።

እኛስ ከዚህ በምን እንሻላለን? የገደለው «የእኛ ልጅ» ከሆነ ቪዲዮውን ሼር እናደርጋለን። የሞተው ማን እንደሆነ እንኳ አንጠይቅም። አንዱ «ይሄ ልክ አይደለም» ሲል ኮሜንት ላይ ዘሩን ቆጥረን እንሰድበዋለን። እባካችሁ ይብቃን። እንደዚያ የሚል ሰው መሃላችን ካለ፣ ዛሬውኑ ከጎኑ ቁሙ።

ቶምፕሰን ትክክለኛውን ሽልማት ለማግኘት 30 ዓመት ጠበቀ። ሁለቱ ጓደኞቹም ካልተሸለሙ አልቀበልም አለ። የካቲት 27 ቀን 1990 ዓ.ም. ዋሽንግተን ውስጥ፣ በጦርነቱ የሞቱት ስም በተቀረጸበት ግድግዳ አጠገብ እሱና ኮልበርን ተሸለሙ። አንድሪዮታ ከሚ ላይ ሦስት ሳምንት በኋላ ተገድሏል። ስሙ ግድግዳው ላይ ነበር።