መመለስ ሌላ፣ ዳግም መነሣት ሌላ

ከአዲስ አበባ የመጣ አውሮፕላን አዘዞ ያርፋል፤ መንገደኛ ያራግፋል፣ አብራሪው ዞሮ ያየዋል፣ ሌላ መንገደኛ ጭኖ በዚያው ዕለት ይመለሳል። ሰው ወደ ጠፈር ጭኖ የሚመለሰው የአሜሪካ መንኮራኩር፣ ስፔስ ሻትል፣ ሲታቀድም በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ እንዲበር ነበር የታሰበው። ከ1981 እስከ 2011 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) 135 ጊዜ በረረ። አንድ ሻትል ከበረራው እስከ ቀጣዩ በረራው የቆየበት አጭሩ ጊዜ ግን ከሻትሎቹ አንዷ አትላንቲስ በ1985 ያስመዘገበችው 54 ቀን ነው። ሮኬት ተመልሶ ሲያርፍ በስልካችን እያየን እናጨበጭባለን፤ ካረፈ በኋላ ጋራዥ ውስጥ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

አንዲት ጡብ ብቻ እንይ። የሻትሉ አካል አሉሚኒየም ስለሆነ ከ175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መሞቅ የለበትም። ወደ ምድር ሲመለስ ግን ሆዱ ሥር ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። መሃል የምትገባው ጡብ ከሲሊካ ክር የተሠራች ናት፤ አብዛኛው ይዘቷ አየር ስለሆነ እንደ ቡሽ ትቀላለች። ችግሩ፣ ብረቱ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ እሷ አትለጠጥም፣ ትሰነጠቃለች። ስለዚህ ከሥሯ ሙቀት የሚችል ወፍራም ጨርቅ ተነጥፎ በሲሊኮን ሙጫ ይጣበቃል። (በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶ የተጠገነውን የፋሲል ግቢ በኋላ ወደ ኖራ መመለስ ያስፈለገውም የማይስማሙ ነገሮች አብረው ስለማይኖሩ ነው።) ጡቦቹ ከ20,000 በላይ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ለየቦታቸው የተቀረጹ ናቸው፤ አንዷ ብትጎድል የጎረቤቷ ትርፍ አይተካትም።

በዚያ ላይ ጡብ ውኃ ትጠጣለች። ዝናብ እንዳይገባት የሚደረግላት ኬሚካል በመልስ ጉዞው ሙቀት ይቃጠል ነበር። ስለዚህ ከየበረራው በኋላ ባለሙያዎች በየጡቧ እየዞሩ ኬሚካሉን እንደገና ይወጓት ነበር። ሦስቱ ዋና ሞተሮችም ወርደው ይፈተሻሉ፤ የጠጣር ነዳጅ ሮኬቶቹ ከባሕር ይለቀማሉ፤ ትልቁ የነዳጅ ታንክ ደግሞ በየጊዜው ይጣል ነበር።

ቻሌንጀር የተባለችው ሻትል በ1986 የጠፋችው ብርድ ያደነደነው የጠጣር ነዳጅ ሮኬቷ የጎማ ማኅተም ጋዝ ስላሳለፈ ነው። ሌላዋ ሻትል ኮሎምቢያ በ2003 የጠፋችው ከታንኩ የተላቀቀ የፎም ቁራጭ የግራ ክንፏን ጫፍ ስለበሳ ነው። 14 ሰዎች ሞቱ።

ሰው የሚጭነው የስፔስኤክስ ኩባንያ ካፕሱል፣ ድራገን፣ እዚህ ላይ ብልህ ነው እላለሁ። ክንፍ የለውም፤ ከሮኬቱ አናት ስለሚቀመጥ ከላይ ወድቆ የሚመታው ነገር የለም። በግንቦት 2020 ሰው ያወጣው ኢንዴቨር የተባለው ድራገን በሚያዝያ 2021 ሌላ ቡድን ይዞ ወጣ። ሁሉም ክፍል ግን አይመለስም፦ ከካፕሱሉ ሥር ያለው ግንድና የሮኬቱ ሁለተኛ ክፍል ይጣላሉ። ግማሹን በደንብ መመለስ ሁሉንም በውድ ከመጠገን ይሻላል።

የዚያው ኩባንያ አዲሱ ግዙፍ ሮኬት ስታርሺፕ ሁሉንም ልመልስ ባይ ነው፤ ሰው ገና አልተሳፈረበትም። አካሉ ከአሉሚኒየም ይልቅ ሙቀት የሚችል አይዝጌ ብረት ነው። ጡቦቹም አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ባለ ስድስት ማዕዘን ስለሆኑ፣ የወደቀችውን ለመተካት ከሳጥን ሌላ ማውጣት ይቻላል። በሙከራ በረራዎች ጡቦች ሲረግፉ ታይተዋል፤ ስንት ሰዓት ሥራ ይፈጃሉ የሚለው ነው ከማረፉ ቪዲዮ ይልቅ እኔን የሚያጓጓኝ።