አርባ ካለፈ በኋላ በባዕድ ቋንቋ ማሰብ

አርባውን ተሻግረው ከጎጃም ወደ ውጭ የወጡ ሰዎች ቋንቋ ትምህርት ቤት በገቡ ሰሞን «አእምሮዬ ደነዘዘ» ይላሉ። አገር ቤት ሽምግልና ተቀምጦ ነገር ሲያዋዛ የኖረ ሰው በእንግሊዝኛ «ትናንት ገበያ አልሄድኩም» ለማለት ሲያምጥ ላየው፣ እውነትም የደነዘዘ ይመስላል። ጣጣው ግን ከዕድሜው ይልቅ ከዓረፍተ ነገሩ ቅርጽ ነው። አማርኛ አድራጊውን፣ ጊዜውን፣ አሉታውን ሁሉ ለማሰሪያ አንቀጹ ያቆያል፤ ተናጋሪው የሰሚውን ፊት እያየ መጨረሻ ላይ ይወስናል። እንግሊዝኛ ያንኑ ውሳኔ ገና ከባለቤቱ ቀጥሎ ይጠይቃል። ሐሳቡ ሳይበስል ፍርዱ ይፈለጋል፤ ሰውየው የሚንተባተበው እዚያ ላይ ነው።

ይህን መገለባበጥ ጎጃም ድሮም ስታስተምር ኖራለች። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤቶች የሚሰጠው ግዕዝ ዛሬ የማንም አፍ መፍቻ አይደለም፤ መምህሩም ተማሪውም በትምህርት ነው ያገኙት። አማርኛ «የንጉሥ ቤት» የሚለውን ግዕዝ «ቤተ ንጉሥ» ብሎ ይገለብጠዋል፤ ግሱንም አብዛኛውን ጊዜ ያስቀድማል። ተማሪው አርእስተ ግሱን፣ ርባታውንና አገባቡን እየያዘ ጎን ለጎን ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም ራሱ ይደርሳል። ከጫጫታ ርቆ ብቻውን ይቀመጥና በሁለት ቤት (ስንኝ) ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ከዚያ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ አምስት ቤቱ ዋዜማ፣ ስድስት ቤቱ ሥላሴ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይዘልቃል። የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል፤ አገባቡ ከተሳተ ወይም ሰሙና ወርቁ ካልገጠመ እዚያው ይታረማል። የሌላ ሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ መንገር ነውር ነው። «የአብነት ትምህርት ሽምደዳ ነው» የሚሉ ምሁራን ይህን ጉባኤ ያዩት አይመስለኝም።

ጀርመን ለመጤ የምትሰጠው መደበኛ ኮርስ 600 የቋንቋ ክፍለ ጊዜ አለው፤ አንዱ 45 ደቂቃ ነው። በዚያ ላይ ስለ አገሩ ሕግ፣ ታሪክና ባህል 100 ይጨመራል። ሰዓቱ አያንስም። የሚያንሰው ተማሪው ከራሱ ሐሳብ አንቅቶ የሚናገረው ነው፤ ባዶ ቦታ ሲሞላ ውሎ ማታ ወደ አማርኛው ይመለሳል። በእርግጥ ቅኔ ቤቱም ጉድለት አለው። በግዕዝ ሽንኩርት የሚገዛ ስለሌለ ጆሮ ፈጣን ወሬ መከተልን አይለምድም።

አሁን ወደ ማሰቡ። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ቦአዝ ኬይሳርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት፣ ሰው በትምህርት ባገኘው ቋንቋ ሲወስን «ታተርፋለህ» እና «ትከስራለህ» የሚል አቀራረብ እንደ አፍ መፍቻው እንደማያወናብደው አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ኬይሳር ራሱ ያለበት ሌላ የተመራማሪዎች ቡድን አምስት ሰው ለማዳን አንዱን ገፍቶ መጣል ይገባል ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ በባዕድ ቋንቋ «ይገባል» ያሉት በዝተዋል። ቋንቋው ዘግይቶ ሲገባ ስድብም ምርቃትም አንጀት ድረስ አይደርስም። ስለዚህ የብድር ወለድ፣ የኢንሹራንስ ዓይነት፣ የመኪና ዋጋ በባዕዱ ቋንቋ ቢሰላ ይሻላል፤ ውሉ በደንብ እስከገባ ድረስ ማለቴ ነው፣ ያልገባ ውልማ ግምት ነው። የታመመ ወላጅን ጉዳይ፣ የልጅን ጥፋት ግን በአማርኛ አስቦ መጨረስ ይበጃል። አባት ልጁን በተማረው እንግሊዝኛ ሲቆጣ ቁጣው ወይ ይበርዳል ወይ ከመጠን ያልፋል፤ የቃሉን ክብደት ልጁ ያውቀዋል፣ አባት አያውቀውም።

ቁጥር ደግሞ ከሁሉ ዘግይቶ ነው የሚሻገር። ዓመታት የኖረውም ሰው ብር ሲቆጥር በአማርኛ ነው። ጀርመንኛ ሃያ አራትን «አራትና ሃያ» ብሎ ስለሚጠራ 24 ተብሎ 42 የሚጻፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ስልክ ቁጥር አንድ በአንድ ማስጠራት ያድናል። ቀጠሮም በስድስት ሰዓት የሚዛነፈው በዚሁ ነው፤ የፈረንጁን 9 ሰዓት አእምሮ ሳያስፈቅድ ወደ ሦስት ይመልሰዋል፤ በወረቀት ላይ በአንድ አቆጣጠር ብቻ መጻፍ ነው።

ለእርጅናስ ይጠቅማል? በኤድንብራ እ.ኤ.አ. በ1947 በ11 ዓመታቸው የተፈተኑ 853 ሰዎች ሰባ ካለፋቸው በኋላ እንደገና ተፈትነዋል። ተጨማሪ ቋንቋ ያወቁት፣ ካደጉ በኋላ የተማሩትም ጭምር፣ ከልጅነት ውጤታቸው ከሚጠበቀው በላይ አግኝተዋል። በሕንድ ሃይደራባድ የተጠኑ የመርሳት ሕሙማን ደግሞ ባለ ሁለት ቋንቋዎቹ አራት ዓመት ተኩል ያህል ዘግይተው ታመዋል፤ ፊደል ያልቆጠሩትም እንዲሁ። ሁሉም ተመራማሪ ግን በዚህ አይስማማም። ከእንጅባራና ከዳንግላ ገበያ በአዊኛና በአማርኛ እየተገበያዩ የሚውሉ ገበሬዎች ይህን ብንነግራቸው ይስቁብን ይሆናል። እኛ እንግሊዝኛ የማይችለውን «ቋንቋ አያውቅም» ስንል እነሱን ከቁጥር አናስገባም።

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ቪዛ እየጠበቀ ቋንቋ ለሚጀምር ሰው ከየኔታ ቤት መዋስ ያዋጣል። በቀን ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ከመጽሐፍ ሳይገለበጥ፣ ስለዚያ ቀን ውሎ። ጮክ ብሎ፣ ለሚያርም ሰው ይነገር፤ የታረመው በማግስቱ ከአዲሱ በፊት ይደገም። ሁለቱ ያለ ስሕተት ሳይወጡ ወደ ሦስተኛው አይታለፍም።